ከወልድያ እስከ መርሳ የምድርን እንቅስቃሴ ስለ መከታተል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ርዕደ መሬትን በመሣሪያ ስለ መከታተልና ስለ መመርመር ነው። ጉዳዩ ሰፊ ስለ ሆነ፥ ነገሩ እንዳይበተንብኝ ከአንድ አገር ጋር አስሬዋለሁ። ይኸውም በሰሜን ወሎ ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ አልፎ ወደ መርሳ፥ ከመርሳም ወደ ውርጌሳ የሚወርደው፥ አብዛኛው በሀብሩ ወረዳ ውስጥ የሚገኘው ምድር ነው። ይህን ሥፍራ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ አገሩ የተቀመጠው የደጋው አምባ ተሰብሮ ወደ አፋር በሚወርድበት ጠርዝ ላይ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ትናንት የጭቃ ቤት በነበረበት ቦታ ዛሬ የአርማታ ፎቅ እየተተካ በመሆኑና የፎቁንም ንድፍ የምንፈርመው እኛው በመሆናችን ነው። ምድሪቱ የቆየ ጠባይዋን አልለወጠችም፤ በላይዋ የምንጭነው ግን ተለውጦአል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ አለት እየተደራረበ ሲቀዘቅዝ የኢትዮጵያን አምባ የሠራውን ጥቁር ድንጋይ አስገኘ። ከዚያ ወዲህ የዓረብ ምድር ከአፍሪካ ተለይቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ የሶማሊያም ወገን ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ፥ የሦስቱ መለያያ የሆነው አፋር እየሳሳና ዝቅ እያለ ሄደ። ይህ መለያየት ዛሬም አልቆመም። በአፋር በኩል ያለው ፍጥነት በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ገደማ፥ በዋናው ስምጥ ሸለቆ ያለው ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል መሆኑን የሳተላይት መለኪያዎች ያሳያሉ። የጣት ጥፍር በዓመት ከሚያድገው የማይበልጥ ነገር ነው። ነገር ግን አለት እንደ ጥፍር ቀስ ብሎ አያድግም፤ ለዘመናት ተለጥጦ ተለጥጦ ሲያበቃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰበራል።

ከደሴ ወደ ወልድያ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በስተ ግራው፥ ማለት በምዕራብ፥ ታላቁ ገደል ወደ ደጋው ይወጣል። በስተ ቀኙ ግን አገሩ ወዲያው ወደ አፋር አይዘረጋም፤ ሌላ የተራራ መስመር ተነሥቶ ይጋርደዋል። በሁለቱ መካከል ጠበብ ያለና ለም የሆነ ሜዳ ተዘርግቶአል። የቦርከና፥ የሐይቅ፥ የመርሳና የጊራና፥ የቆቦም ሜዳዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። የምድር ጥናት ሊቃውንት እነዚህን የጠርዝ ስምጦች ይሏቸዋል። ሜዳው ሜዳ የሆነው በጎንና በጎኑ ባሉት ስብራቶች መካከል ያለው ምድር ስለ ወረደ ነው። ከገደሉ የሚወርዱት ወንዞች ደግሞ ጠጠርና አሸዋ፥ ደለልና ሸክላ እያመጡ የወረደውን ሲሞሉት ኖረዋል። እንግዲህ የሀብሩ ገበሬ የሚያርሰው ለም አፈርና የእኛ ሥጋት የሆነው ስብራት የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ ናቸው።

ያለፈው ምን ያስተምረናል?

ርዕደ መሬት በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከላንጋኖ ሐይቅ ወገን የተነሣው ትልቅ መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶአል። ለወልድያና ለመርሳ ግን ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው የካራ ቆሬው ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማብቂያ የጀመረው መናወጥ ለወራት ሳይቋረጥ ቆየ፤ የዋናው መጠን በሬክተር መለኪያ 6 ተኩል ያህል ነበረ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰ፤ በካራ ቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ተጎዱ፤ በቦርከና ሸለቆ ምድር ተሰነጠቀ፤ ከገደል የተናደው ቋጥኝ ዋናውን የሰሜን መንገድ ዘጋ። ካራ ቆሬ ከወልድያ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሆኖም የሚገኘው በዚያው ጠርዝ ላይ፥ በዚያው ዓይነት የጠርዝ ስምጥ ውስጥ ነው። በካራ ቆሬ የሆነው በሌላው የጠርዙ ክፍል የማይሆንበት ምክንያት በአለቱ ጠባይ ውስጥ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ፈረሰች፤ ሰዎችም ሞቱ። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. በዶቢ ወገን የተነሣው መናወጥ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ድልድዮች ጎዳ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አጠገብ የሆነው ደግሞ የዓለምን ሳይንቲስቶች ሁሉ ዓይን ስቦአል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ምድር ተከፍታ ቅልጥ አለት ገባባት፤ የመክፈቻውም ስፋት እስከ 8 ሜትር ደረሰ። ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ የለካው ሳተላይት ነው።

ከሁሉም የቅርቡ በሁላችንም ትዝታ ያለው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን መካከል ምድር ደጋግማ ተናወጠች። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 የደረሰው መጠኑ 5.7፥ የካቲት 7 ቀን የደረሰው ደግሞ 6 ገደማ ነበረ። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ለቀቀ፤ የከሰም ግድብ አሳሳቢ ሆነ፤ በአዲስ አበባም በፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ደጅ ወጣ። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በኤርታሌ ሰንሰለት የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሄደ። እንግዲህ ከወልድያ በስተ ምሥራቅ ያለው አገር ተኝቶ የቆየ አገር አይደለም።

የክትትሉ አጀማመር

በአገራችን ምድርን በመሣሪያ መከታተል የተጀመረው ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር በተያያዘ፥ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆንዋ፥ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከዚያም የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ተጨመረበት። ይህን ሥራ የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኩሴ አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። እኒህ ሰው መሣሪያ መትከል ብቻ አልበቃቸውም፤ የነገሥታት ዜና መዋዕሎችን፥ የመንገደኞችን ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎችን እየመረመሩ፥ የተናወጡትን ሥፍራዎች ራሳቸው እየጎበኙ፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬም ስለ ካራ ቆሬ የሚጽፍ ሁሉ ከዚያ ይነሣል። ሥራውን እነ ዶክተር ላይከማርያም አስፋውና ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ተረክበው ቀጥለውበታል፤ ጣቢያውም አድጎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፥ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኖአል። በፉሪ ተራራ የሚገኘው ጣቢያም የዓለም አቀፉ መረብ አባል ነው።

ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በዋናው ስምጥ ሸለቆ፥ ከ2005 ወዲህም በአፋርና በጠርዙ፥ የውጭና የአገር ውስጥ ሊቃውንት አያሌ ጊዜያዊ ጣቢያዎችን ተክለው ነበር። ከእነዚህ ጥናቶች የተገኘው ዕውቀት ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ጊዜያዊ ጣቢያ ጊዜያዊ ነው፤ ለዓመት ለሁለት ዓመት ይተከላል፥ ይነቀላል፥ መዝገቡም ወደ ተመራማሪው ይሄዳል። ስብራት ግን በተመራማሪው የበጀት ዓመት አይመራም።

የሩቅ መሣሪያና የቅርብ መሣሪያ

አንዳንድ ጊዜ ከሙያ ጓደኞቻችን መካከል እንኳ፥ በአዲስ አበባ ጥሩ መሣሪያ ካለ በወልድያና በመርሳ ሌላ ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በስሌት ልመልሰው።

ምድር በተናወጠች ጊዜ ሁለት ዓይነት ሞገድ በአለት ውስጥ ይጓዛል። ፊተኛው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሁለተኛው 3 ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መብረቅን አስቀድመን አይተን ነጎድጓዱን በኋላ እንደምንሰማና በመካከሉ ባለው ጊዜ ርቀቱን እንደምንገምት፥ እዚህም በሁለቱ ሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድ በስምንት ብናባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር እናገኛለን። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በወልድያ የተነሣው ፊተኛ ሞገድ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከ53 ሰከንድ ያህል በኋላ፥ ሁለተኛው ደግሞ 38 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው።

አሁን መዝገቡን የሚያነበው ባለሙያ የሁለተኛውን ሞገድ መድረሻ በአንድ ሰከንድ ቢስት፥ ርቀቱን በስምንት ኪሎ ሜትር ይስታል። ስምንት ኪሎ ሜትር በካርታ ላይ ትንሽ ነው። በመርሳ ዙሪያ ግን ስምንት ኪሎ ሜትር ማለት ከገደሉ ግርጌ ተነሥቶ ሸለቆውን ማቋረጥ ማለት ነው። ስለዚህ የተንቀሳቀሰው የምዕራቡ ስብራት ይሁን የምሥራቁ፥ ከሩቅ ሆኖ መለየት አዳጋች ነው። የጥልቀቱ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። የመናወጡን ጥልቀት በትክክል ለማወቅ ቢያንስ አንድ ጣቢያ ከጥልቀቱ ጋር በሚመጣጠን ርቀት፥ ማለት በአሥርና በአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ መገኘት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። በየትኛውም የሚናወጥ አገር፥ መጠኑ 6 የሆነ አንድ መናወጥ ባለበት፥ 5 የሆኑ አሥር፥ 4 የሆኑ መቶ፥ 3 የሆኑ ሺህ ያህል ይኖራሉ። ትልቁ በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ላይመጣ ይችላል፤ ትንንሾቹ ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ። የእነዚህ ትንንሾች ሥፍራ በካርታ ላይ በነጥብ በነጥብ ሲቀመጥ፥ ከአፈር በታች የተሰወረው ስብራት እንደ ተሰፋ ክር መስመሩን ያሳያል። ሰው ያልተሰማው፥ ውሻም ያልጮኸበት መናወጥ ለእኛ እንደ ትልቁ ያህል ጠቃሚ ነው። እነዚህ ሁለትና ከሁለት በታች የሆኑት ግን 300 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ በነፋስና በመኪና ድምፅ ተውጠው ይጠፋሉ። የቅርብ መሣሪያ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ትልቁን ሳንጠብቅ ከትንንሾቹ እንድንማር ያደርገናል።

አፈሩም ይናገራል

አሁን ከአለቱ ወደ አፈሩ እንውጣ። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. መጠኑ 8 የሆነ ርዕደ መሬት በሜክሲኮ የባሕር ጠረፍ ተነሣ። የሜክሲኮ ከተማ ከዚያ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የከተማዋ ክፍል ቀድሞ ሐይቅ በነበረ ሸክላ አፈር ላይ የተሠራው ነው። በአለት ላይ ያሉት ቤቶች ሲተርፉ፥ በሸክላው ላይ ያሉት ፎቆች ፈርሰው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ምክንያቱ ይታወቃል። ለስላሳ አፈር በጠንካራ አለት ላይ ሲተኛ፥ ሞገዱን እንደ ከበሮ ይመልሰዋል፤ የአፈሩ ውዝዋዜ ከሕንፃው ውዝዋዜ ጋር በተስማማ ጊዜም ጉዳቱ ይበዛል።

የዚህ ስሌት ለመሐንዲስ ቀላል ነው። የአፈሩ ውፍረት በአራት ተባዝቶ ሞገዱ በአፈሩ ውስጥ ለሚጓዝበት ፍጥነት ሲካፈል የውዝዋዜውን ጊዜ ይሰጣል። ለምሳሌ ውፍረቱ 20 ሜትር፥ ፍጥነቱም በሰከንድ 200 ሜትር ቢሆን፥ ውዝዋዜው 0.4 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ደግሞ በግምት የአራት ፎቅ ሕንፃ ውዝዋዜ ነው። ዛሬ በየከተሞቻችን ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የሚሠራው ሕንፃ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውፍረቱ 50 ሜትር ሲሆን ውዝዋዜው ወደ አንድ ሰከንድ ይረዝማል፤ የሚያሠጋውም ከፍ ያለውን ፎቅ ይሆናል። ስለዚህ በወንዝ ደለል ላይ የተቀመጠ ሠፈርና በኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሠፈር አንድ ዓይነት ንድፍ አይገባቸውም።

የደለሉን ውፍረት ለማወቅ ከባዶ መጀመር አያስፈልገንም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ለመስኖ ሲል ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አስቆፍሮአል። የእያንዳንዱ ጉድጓድ መዝገብ ጠጠሩ የት እንደ ጀመረ፥ ሸክላው የት እንደ ገባ፥ መቆፈሪያውም አለቱን የት እንደ ነካ ያሳያል። መዝገቡ የተጻፈው ለውሃ ነው፤ ለሕንፃና ለድልድይ ግን ማንበብ የሚከለክለን የለም። የውሃው መሐንዲስና የሕንፃው መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ፥ ያለ ተጨማሪ ቁፋሮ የሸለቆው የመጀመሪያ የአፈር ካርታ ይወጣል።

ከአፈሩ ጋር የገደሉ ነገር አይረሳም። በመርሳና በውርጌሳ ዙሪያ ያሉት ተዳፋቶች ናዳን የሚያውቁ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ የጠገበ ተዳፋት ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ርዕደ መሬት በበጋ ቢመጣና በክረምት ቢመጣ ጉዳቱ አንድ አይደለም። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወጣው፥ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው አውራ ጎዳና፥ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈውም መንገድ ገደሉን ተንተርሰው የሚሄዱ ናቸው። ወልድያ የመንገዶች መገናኛ እንደ መሆንዋ መጠን፥ መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ ርዳታ የሚመጣበት በር አብሮ ይዘጋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባቡር ሐዲድም ዋሻዎቹና ድልድዮቹ በዚሁ ጠርዝ ላይ ናቸው።

መቼ ይመጣል?

ሕዝብ ዘወትር የሚጠይቀን፥ ጋዜጠኛም የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ ይመጣል? ለዚህ መልሳችን ግልጽ መሆን አለበት። ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ የሚናገር ሳይንስ የለም። ቻይናውያን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 በሃይቼንግ ቀድመው የመጡትን ትንንሽ መናወጦች አይተው ሕዝቡን አስወጥተው ብዙ ነፍስ አዳኑ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ግን በታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ የመጣው ርዕደ መሬት ከ240,000 በላይ ሰው ገደለ። ምድር አንድ ጊዜ ስላስጠነቀቀች ሁልጊዜ ታስጠነቅቃለች ማለት አይደለም።

ታዲያ መከታተል ለምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። የሚጠቅመው፥ መቼ የሚለውን ትተን የት፥ ምን ያህልና በምን ያህል ዕድል የሚለውን እንድንመልስ ነው። መሐንዲስ ለንድፍ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ጎርፉ የሚመጣበትን ቀን አይጠይቅም፤ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ጎርፍ ከፍታ ይጠይቃል እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ፥ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ 8፥ የተመሠረተው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚጠበቅ መናወጥ ላይ ነበረ። እንዲህ ያለው መናወጥ በአንድ ሕንፃ የ50 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 39 ያህል ነው። በ2015 የወጣው ደንብ ግን በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን መሠረት አደረገ፤ የዚህ ዕድል በ50 ዓመት ከመቶ 10 ነው። ከዚህም የተነሣ ከፍተኛ ሥጋት ባለበት ቀጠና የሚታሰበው የመሬት ፍጥንጥነት ከስበት 10 በመቶ ወደ 20 በመቶ አደገ። ነገሩን ቀለል አድርገን ብናየው፥ 800 ቶን የሚመዝን ሕንፃ ፊት 80 ቶን ወደ ጎን የሚገፋው ቢታሰብለት፥ አሁን 160 ቶን ይታሰብለታል ማለት ነው። ደንቡ ግን የሚሰጠን ለሰፊ ቀጠና የሚያገለግል ቁጥር ነው። የመርሳ ደለልና የወልድያ ኮረብታ በአንድ ቀለም ተቀብተው ይገኛሉ። ይህን የሚለየው የአካባቢ ጥናት ብቻ ነው።

ቤቱስ?

ሰውን የሚገድለው ከመናወጡ ይልቅ የሚፈርሰው ቤት ነው ሲባል ኖሮአል። አባቶቻችን በቋሚና በማገር፥ በወጋግራና በጭድ ጭቃ የሠሩት ቤት ቀላል ነው፤ እንጨቱም ይታጠፋል እንጂ በድንገት አይሰበርም። ጭቃው ቢረግፍ ቤቱ ቆሞ ይቀራል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ግን ከባድ ነው፤ ማሰሪያም ስለሌለው ወደ ጎን ሲገፋ ይበተናል። አርማታ ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው፤ በሚገባ ቢሠራ ከሁሉ ይበልጣል፥ ባይሠራ ከሁሉ ይከፋል።

በየከተማው የምናየውን እናስብ። ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ክፍት ይተዋል፤ ከላይ ያለው ፎቅ ሁሉ በብሎኬት ይዘጋል። እንግዲህ ላይኛው ጠጣር፥ ታችኛው ልል ይሆናል፤ የመናወጡ ኃይል ሁሉ በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይወርዳል። በኮለኑ ውስጥ ያለው ስታፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት ተራርቆ ይታሰራል፤ መጠጋት ያለበት ግን ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ላይና ታች ነው፤ ሕንፃ የሚሰበረው እዚያ ነውና። የስታፋው ጫፍ ወደ ኮለኑ ውስጥ በሚገባ መታጠፍ ሲገባው፥ በችኮላ ወደ ጎን ብቻ ይታጠፋል፤ አርማታው በተሰነጠቀ ጊዜ ይፈታል። እነዚህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ተጨማሪ ብረት ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው ይልቁን ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት መሐንዲሱ በቦታው ተገኝቶ ፌሮውን በዓይኑ ማየቱ፥ ባለቤቱም ሆነ ፎርማኑ ቢቆጣ ይፈታ ብሎ ማዘዙ ነው። ፊርማ በቢሮ፥ ሥራው በሜዳ ሲለያዩ፥ የ2015ቱ ደንብ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ምን እናድርግ?

ይህ አገር ከድርቅ ተላቅቆ ሳያበቃ ጦርነት የገባበት፥ በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ወልድያ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም የተዘረፈበት አገር ነው። ለዳቦና ለመድኃኒት ያልበቃ ገንዘብ ለሳይዝሞግራፍ ከየት ይመጣል ቢባል፥ ጥያቄውን በቀላሉ አላልፈውም። መልሴ ግን ይህ ነው። የፈረሰውን መልሰን የምንሠራበት ጊዜ አሁን ነው። ዛሬ የምንሠራው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ 50 ዓመት ይቆማል፤ ስሕተታችንም አብሮት 50 ዓመት ይቆማል። ስለዚህ ከአቅማችን ጋር የሚሄዱ አራት ነገሮችን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ የጥቂት ቋሚ ጣቢያዎች መረብ ነው። አንዱ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ፥ ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲው የመርሳ ግቢ ወይም በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቢተከል፥ አጥርና ዘበኛ፥ ኃላፊነት የሚወስድም ተቋም ይገኝለታል። ነገር ግን ወልድያ፥ ስሪንቃና መርሳ በአንድ መንገድ ላይ የተሰለፉ ናቸው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ጣቢያዎች መናወጡ ከመስመሩ በስተ ምሥራቅ ይሁን በስተ ምዕራብ አጥርተው አይለዩም። ስለዚህ ሦስተኛው ከገደሉ በላይ በደጋው፥ አራተኛው በምሥራቅ ወደ አፋር ወሰን መተከል ይገባዋል። መዝገቡም ከአዲስ አበባው ኢንስቲትዩት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ጠባቂው ነው፤ ባትሪ የሚለውጥ፥ የፀሐይ መቀበያውን አቧራ የሚጠርግ፥ ደመወዙም የማይቋረጥ አንድ ቴክኒሻን ከሌለ፥ የተከልነው መሣሪያ በዓመቱ የሸረሪት ቤት ይሆናል።

ሁለተኛ፥ የአፈር ካርታ ነው። አንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ በየሠፈሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል እያስቀመጡ የምድሪቱን የዘወትር ጥቃቅን ውዝዋዜ በመለካት የአፈሩን ጠባይ መገመት ይቻላል። ፍንዳታም ቁፋሮም አይጠይቅም። አንድ አስተማሪና ጥቂት ተማሪዎች በአንድ የበጋ ወራት ወልድያንና መርሳን ሊያዳርሱ ይችላሉ። ይህ ከጉድጓዶቹ መዝገብ ጋር ሲጣመር፥ ማዘጋጃ ቤቶቹ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የሚመለከቱት ካርታ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ የሕዝቡን ትዝታ መሰብሰብ ነው። ከመሣሪያ ሁሉ በፊት የነበረው መሣሪያ ሰው ነው። አባ ጉዌን መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት በአብዛኛው ሰው ካየውና ከጻፈው ነው። የካራ ቆሬውን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ አዛውንቶች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ጊዜ አይጠብቀንም። ወደፊትም በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር አጭር ቅጽ ይዞ፥ መናወጥ በተሰማ ቁጥር ሰዓቱን፥ የተንጠለጠለ ነገር መወዛወዙን፥ ውሃ ከእንስራ መፍሰሱን፥ ግድግዳ መሰንጠቁን ቢመዘግብ፥ ከመቶ ቅጾች የሚወጣው ካርታ ከውድ መሣሪያ ጎን የሚቆም ነው።

አራተኛው የእኛው የማኅበሩ ነው። በጠርዙ ላይ ባሉት ከተሞች ለሚሠሩ ግንበኞች፥ ፎርማኖችና የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪዎች፥ በአማርኛ የተጻፈና በሥዕል የተደገፈ አጭር መመሪያ እናዘጋጅ። ስታፋ እንዴት እንደሚታሰር፥ የድንጋይ ግድግዳ በምን እንደሚያያዝ፥ ከገደል ግርጌ ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ የሚያሳይ ይሁን። የደንቡ ቋንቋ ለእኛም ከባድ ነው፤ ብረቱን በእጁ ለሚያስረው ሰው ደግሞ ጨርሶ አልተጻፈለትም።

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፤

ይህን ስናገር ሕዝብን ለማስፈራራት አይደለም። የወልድያና የሀብሩ ሕዝብ ከዚህ ምድር ጋር ለብዙ ዘመን ኖሮአል፤ ወደፊትም ይኖራል። ምድሪቱ እህል ሰጥታዋለች፥ ውሃ ሰጥታዋለች። ጠባይዋን ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው። ለማወቅ የሚያስፈልገውም አራት መሣሪያ፥ አንድ ትጉህ ቴክኒሻን፥ አንድ ክፍል ተማሪዎችና ከቢሮው ወጥቶ ፌሮውን የሚያይ መሐንዲስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ከነገ ጠዋት ጀምሮ በእጃችን ነው።